ወላጅ ከወደቀ በኋላ የትኛው ስፖርት ይሻላል? ጅማ ላይ ሆነን ስናመዛዝነው

እማዬ ሐምሌ ላይ ከቅዳሴ ስትመለስ በራችን ያለችው ትንሽ ቁልቁለት አዳለጠቻት። የጅማን ጭቃ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። ራጅ ተነሳች፣ አጥንቱ ደህና ነው ተባለ፣ ተመስገን ብለን ወደ ቤት ገባን። የተሰጠን ምክር አንድ ቃል ነበር፦ እረፍት። እኛም ቃሏን አክብረን ያዝን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቡናው ሳይቀር አልጋ ላይ ይሄድላታል፣ ውሃ ልቅዳ ብላ ብድግ ስትል «ኧረ ተቀመጪ!» ብለን የምንጮኸው እኛው ነን። በአራተኛው ሳምንት እብጠቱ ጠፋ። እሷ ግን ከወንበር መነሳት አቃታት።

የጣላት ወለምታው ሳይሆን እረፍቱ ነው። ነገሩ የታወቀ ነው ለካ። ጤነኛ አረጋውያንን 10 ቀን አልጋ ላይ አውለው የለኩ ተመራማሪዎች፣ ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ ገደማ ሥጋ እንደሄደ አይተዋል። ያውም ምንም ሳይጎዱ! የወጣት እግር ቶሎ ይመልሰዋል፣ የ67 ዓመት እግር ግን ካልሠሩለት አይመልስም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ባለሙያ ሁሉ ስጠይቅ፣ የሰፈሩን ሰው ስከታተል ከረምኩ። ከእማዬ ሌላ ሁለት ሰው በቅርብ አይቻለሁ። አንዱ ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፣ ወድቀው የእጅ አንጓቸው ተሰንጥቆ ጄሶ የተፈታላቸው። ሌላው አጎቴ ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የኋላ ጭኑን ጡንቻ ሸምቅቆት የነበረ። ሦስቱም የመረጡት መንገድ ይለያያል፣ የበጃቸውም ይለያያል። ለቸኮለ ሰው የእኔን ሐሳብ ቀድሜ ልናገር፦ ለአብዛኛው አዛውንት ወንበር ይዞ ቤት የሚሠራው ፕሮግራም ይበልጣል። መራመድ ይጨመርበት። ባለሙያ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስቴ ይየው። ጂም ኋላ ይደርሳል።

መጀመሪያ ግን ጉዳቱ ቀላል መሆኑን እወቁ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለወለምታ፣ ለጡንቻ መሸምቀቅ፣ ለተጋጨ ጉልበት፣ ሐኪም ጄሶውን ፈትቶ «ማንቀሳቀስ ትችላለህ» ላለው እጅ ነው። ከወደቀ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ሰው ራጅ ይነሳ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወጣ ያለው አጥንት ከኋላ በኩል ሲጫኑት የሚያም ከሆነም እንዲሁ። ብሽሽት ላይ የሚሰማ ሕመምን አትናቁ፣ አዛውንት ላይ የዳሌ ስንጥቅ አንዳንዴ እንደዚያ ተደብቆ ነው የሚመጣው፣ ሰውየው እያነከሰም ቢሆን ይራመድ ይሆናል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ወጌሻ ጋ እንውሰዳት የሚል ዘመድ በየቤቱ አለ። እኛም ቤት ነበረ። ከወጌሻ ጋር ጠብ የለኝም፣ ግን ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ደንዝዞ ስለሚሆን ማሰሪያው ቢጠብቅበትም ላይሰማው ይችላል። ያበጠን ወለምታ በኃይል ማሸትም ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

መራመድ፦ ሁሉም የሚወደው፣ ግን ጎዶሎ የሆነው

ጅማ ውስጥ አንድ አዛውንት «ስፖርት ጀምሬያለሁ» ካለ ይራመዳል ማለት ነው። ጥሩ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ለልብም ለስኳርም ለግፊትም ይበጃል፣ ጠዋት ወጥቶ ሰላም የሚባባሉት ሰውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዛውንት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፣ ከዚህ ውስጥ ትልቁን ክፍል በእግር መሸፈን ይቻላል። መካከለኛ ማለት እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዘመር ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። መራመድ የጭን ጡንቻን እምብዛም አያጠነክርም፣ ሚዛንንም ብዙ አያሠለጥንም። ስለዚህ ብቻውን መውደቅን እንደሚቀንስ በጥናት አልተረጋገጠም። ድርጅቱም ራሱ ከዚያ 150 ደቂቃ በተጨማሪ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን፣ ሚዛንና ጉልበት አብሮ የሚያሠራ ደግሞ 3 ቀን ይላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሰምቶ ሌላውን አልሰማም።

የጅማ ጣጣ ደግሞ ይጨመራል። ዝናቡ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለብዙ ወራት መንገዱ ወይ ጭቃ ነው ወይ እርጥብ ኮብልስቶን። በክረምት «በየቀኑ እራመዳለሁ» የሚል ዕቅድ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ያለዚያም እማዬን የጣለው መንገድ ላይ ተመልሶ መሄድ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ገና ያልጸና ሰው ወጣ ገባ መንገድ ላይ ባይጀምር ይሻላል። ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ከዚያ ደረቅ አስፋልት፣ ከዚያ ኮብልስቶን። የጂሬን ዳገትን ለመጨረሻ አቆዩት። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግር እወጣለሁ የሚል ጀግና ካለ መውጣቱ አይደለም ችግሩ፣ መውረዱ ነው፣ ቁልቁለት ጉልበትን ይፈትናል።

ከዘራ የያዘ ሰው ካለ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዘራው የሚያዘው ባልታመመው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ቀኝ እግር ከታመመ ግራ እጅ። እማዬ በታመመው በኩል ይዛ አንድ ሳምንት ተንከላወሰች፣ ስናርማትም «ታዲያ የሚደገፈው የታመመው አይደል?» ብላ ተከራከረችን። ቁመቱም ቀጥ ብለው ቆመው እጅ ሲንጠለጠል እስከ አንጓ ድረስ ነው። ከአያት የተወረሰው ከዘራ አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል፣ መጋዝ አይፍራ።

ወንበር ይዞ ቤት መሥራት

እኔ የማደላው ለዚህ ነው። የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ውስጥ ዝነኛው ኒውዚላንድ ውስጥ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ነው። ስሙም ኦታጎ ነው። የተሠራው ቤታቸው ለሚውሉ አዛውንት ነው፣ የእግር ጡንቻና ሚዛን ላይ ያተኩራል፣ በሳምንት 3 ቀን 30 ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ መራመድ ደግሞ 2 ቀን ይጨመርበታል። በተሞከረባቸው ሰዎች ላይ መውደቅን በ35 በመቶ ያህል ቀንሷል። በደንብ የጠቀመው ደግሞ ከ80 ዓመት በላይ ያሉትን ነው። «እኔማ አርጅቻለሁ» ለሚል ሁሉ መልሱ ይሄ ነው።

ዕቃው ምንድን ነው? ጠንካራ ወንበር፣ ግድግዳ፣ አንዳንዴ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት። ክብደቱን የሚሸጥ ፍለጋ አትድከሙ። የረጅም ካልሲ ውስጥ ግማሽ ኪሎ አሸዋ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ቋጥሩት፣ በቃ። አሥር ጊዜ እግር አንስቶ ካልደከመ አሸዋ ይጨመራል።

ወንበሩ ላይ ግን ልቆይ። ጅማ የበርጩማ አገር ነች፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በየቤቱ አለ፣ እንግዳ ሲመጣም የሚሳበው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። አጭር ነው፣ ከሱ ለመነሳት ጉልበት በጣም ታጥፎ ነው የሚጀምረው። የሚደገፉበት ነገር የለውም፣ አንድ ጎን ላይ ሲያዘነብሉበትም ይገለበጣል። የሚያስፈልገው መደገፊያ ያለው፣ ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ፣ ከግድግዳ የተጠጋ ወንበር ነው። ፕላስቲኩን ወንበር አትመኑት፣ ሊሾ ወለል ላይ ይንሸራተታል። የእማዬን አንድ ቀን አንሸራተታት፣ ደግነቱ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

ዋናው ልምምድ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። እግር ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረት ወደ ፊት ዘንበል፣ ብድግ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ዘጭ ማለት የለም። ቁጭ ማለቱ ሦስት ሰከንድ ይፍጅ፣ ጡንቻው በደንብ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጅ መያዝ፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ከዚያ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ። ከዚህ ጋር ወንበሩን ከኋላ ይዞ በጣት መቆም፣ በተረከዝ መቆም፣ እግርን ወደ ጎን ማንሳት። ለሚዛን ደግሞ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ ተረከዝና ጣት አነካክቶ 10 ሰከንድ መቆም። ቀላል ይመስላል። እስቲ ራሳችሁ አሁን ሞክሩት።

መለኪያም አለው፣ ይሄ ነው የወደድኩለት። በ30 ሰከንድ ውስጥ እጅ ሳይነካ ስንት ጊዜ ተነስቶ ይቆማል? ዕድሜዋ ከ65 እስከ 69 የሆነ ሴት 11 ጊዜ ካልሞላች፣ ወንዱ 12 ካልሞላ፣ እግሩ ደክሟል ማለት ነው። በእጅ ከተደገፉ ውጤቱ ዜሮ ይባላል። እማዬ የመጀመሪያው ቀን ዜሮ ነበረች። በስልኬ ሰዓት ይዤ በየእሑዱ እለካለሁ፣ ውጤቱን ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ እጽፋለሁ። በስድስተኛው እሑድ 8 ደረሰች። ገና ነው፣ ግን እልህ ይዟታል፣ እሑድ ሲደርስ ራሷ «ሰዓትህን አምጣ» ትላለች።

ድክመቱም አልደብቅም። የሚያይ ሰው ከሌለ ሰው ይሰንፋል ወይም አጣምሞ ይሠራል። ብቻውን የሚኖር አዛውንት ከሆነ ሚዛን የሚያሠሩትን የሚሠራው ሰው አጠገቡ ሲኖር ብቻ ይሁን። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል። ተነስቶ ትንሽ ቆሞ ነው የሚቀጥለው።

ፊዚዮቴራፒ

ባለሙያ እጅ ላይ መውደቅን የሚተካ የለም። የትኛው ጅማት እንደተጎዳ ለይቶ፣ የቱን መሥራት የቱን መተው እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ሐጂ ያለዚህ አይድኑም ነበር። ጄሶው ሲፈታ አንጓቸው ብቻ ሳይሆን ትከሻቸውም ደርቆ ነበር፣ እጃቸውን ለስድስት ሳምንት ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለቆዩ ማለት ነው። ይሄን ቤት ውስጥ ማን ያውቃል? እኛ ብንሆን አንጓውን ስናሽ እንከርም ነበር።

ዋጋውን ሰው የሚያሰላው ግን ተሳስቶ ነው። የሕክምናውን ብቻ ያያል። የታመመ ሰው በታክሲ ተጋፍቶ አይሄድም፣ የሚሄደው በኮንትራት ባጃጅ ነው፣ አንድ አስታማሚም ሥራውን ትቶ አብሮ ይሄዳል። በሳምንት ሁለቴ ለስድስት ሳምንት ማለት 12 ቀጠሮ ነው፣ ባጃጁ ደግሞ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 24 ጊዜ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አጠገብ ለሚኖርና ከከተማው ዳር ለሚመጣ ይሄ አንድ አይደለም፣ ከወረዳ ለሚመጣማ ጭራሽ አይነሳ። ብዙ ሰው ሦስቴ ሄዶ የሚቀረው ስለዳነ ሳይሆን ሰልችቶት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ስትሄዱ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ቤት የምንሠራውን ያሳዩን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥተን እንታይ።» ሲያሳዩ በስልክ ቪዲዮ አንሱ፣ ሠሪው ራሱ ታማሚው ይሁን እንጂ ባለሙያው አይሁን፣ ስህተቱ የሚታረመው እንደዚያ ነው። መብራት እያበሩና ማሽን እየለጠፉ ብቻ የሚሸኟችሁ ከሆነ፣ አንድም ልምምድ ካላሠሯችሁ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ማሽኑ ሕመም ያስታግስ ይሆናል፣ ጡንቻ ግን አይሠራም።

ጂም፣ ቪዲዮ፣ የጋራ ስፖርት

አጎቴ ጂም ነው የመረጠው። ከጉዳቱ አሥር ቀን ሳይሞላው ገባ፣ ወጣቱ አሠልጣኝ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከባድ ብረት አስያዘው፣ ጭኑ መልሶ ተሸመቀቀ፣ ሌላ ሦስት ሳምንት ቤት ዋለ። ጂም መጥፎ አይደለም። ለጡንቻ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ ክብደቱን በትንሽ በትንሹ መጨመር ይቻላል፣ ከላይ ዝናብ የለም። ግን ቦታው ጉዳቱ ከዳነ በኋላ ነው። ያኔም አሠልጣኙ ስለ ጉዳቱ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለሚወሰደው መድኃኒት ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት፣ ሰምቶ ምንም ካልቀየረ ውጡ። ትሬድሚሉን ለጊዜው ተዉት።

ታይ ቺ የሚባለው የቻይናዎቹ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ለሚዛን ጥሩ ነው፣ መውደቅን 20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል። ጅማ ላይ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ የሚቀረው ዩቲዩብ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ ዳታ ይበላል፣ አያርምም፣ አዛውንቱም ስክሪን ለማየት አንገቱን ሲያዞር ሚዛኑን ይስታል። ልጅ አብሮት ከሠራ ጥሩ ነው፣ ካልሆነ አልመክርም። ጠዋት ተሰባስቦ የሚሠራው የጋራ ስፖርት ሞቅ ያለ ነው፣ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን አይቀርም። መዝለልና ፈጣን መዞር ግን አለበት። ቁርጭምጭሚቱ ያልጸና ሰው ዳር ይዞ የሚችለውን ብቻ ይሥራ፣ እልህ አይጋባ።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ?

የምትመርጡት ሰውዬው ወደ ምን መመለስ እንደሚፈልግ ጠይቃችሁ ነው። ሐጂን ጠየቅናቸው። «ሱጁድ» አሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ይፈቀድላቸዋል፣ እሳቸው ግን ግንባራቸውን መሬት ማስነካት ነው የናፈቃቸው። ስለዚህ ፕሮግራማቸው በዚያ ተቃኘ፦ መጀመሪያ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ መጫን፣ ቀጥሎ ግድግዳ መግፋት፣ ከዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ፣ በመጨረሻ ወፍራም ምንጣፍ ላይ መንበርከክና ወንበር ይዞ መነሳት። ከወለል መነሳት የሚችል አዛውንት ቢወድቅ እንኳ ወለል ላይ አይቀርም፣ ከዚህ የሚበልጥ ልምምድ አላውቅም። ለእጅና ለትከሻ እንግዲህ ባለሙያ መጀመሪያ፣ ቤት ቀጥሎ። እግራቸው ደህና ስለሆነም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ መስጊድ በእግራቸው እንዲሄዱ ነው የተነገራቸው።

እንደ እማዬ ቁርጭምጭሚት ከሆነ የወንበሩ ፕሮግራም ይበቃል፣ ባለሙያ አንዴ ይየው፣ መራመዱ በሁለተኛው ሳምንት ይግባ። እንደ አጎቴ የተሸመቀቀ ጡንቻ ከሆነና ሰውየው ድሮም ስፖርተኛ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቤት ሳይቸኩል ይሥራ፣ ሕመም ሳይኖር ደረጃ መውጣት ሲችል ጂም ይግባ። ጉልበቱ በአርትራይተስ የሚያመው ሰው ደግሞ ከመራመድ በፊት የጭን ጡንቻውን ያጠንክር፣ ጉልበቱን የሚሸከምለት እሱ ነው። እነዚህን ሁሉ ካወዳደርኩ በኋላ ለሚያመነታ ሰው የምለው ይሄ ነው፦ በሳምንት ሦስቴ ሳይቀር የሚሠራው ደካማ የሚመስል ፕሮግራም፣ በወር ሁለቴ ከሚሠራው ምርጥ ፕሮግራም ይሻላል።

ሕመሙን እንዴት ነው የምንለካው ለምትሉ፣ ከ10 ስንት ብላችሁ ጠይቁ። እየሠራ እስከ 3 ድረስ ቢያመው ችግር የለውም፣ አያቁም። ከ5 ካለፈ ይቁም። ዋናው ግን ማግስቱ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ወይም ጠዋት አብጦ ካደረ፣ በዝቷልና ግማሹን ቀንሱ። ማቆም ሳይሆን መቀነስ። ዲክሎፌናክ ውጦ መሥራት ግን ምልክቱን ማፈን ነው፣ አዛውንት ላይ ደግሞ ጨጓራን፣ ኩላሊትን፣ ግፊትን ይነካል፣ ሳይታዘዝ ከሱቅ እየገዛችሁ አትስጡ።

ስለ ምግብ አንድ መስመር። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይመለስም። በጾም ጊዜ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከእንጀራው ይብዛ፣ በፍስክ እንቁላል አትንፈጓቸው። ረመዳን ላይ ልምምዱ ከኢፍጣር በኋላ ቢሆን ይቀላል፣ ውሃ ጠጥተው ስለሚሠሩ።

በራችን ያለውን ቁልቁለት ደግሞ ጠጠር ደፋንበት፣ ከአጠና የሠራነውን መደገፊያም ተከልንበት። ይሄን በመጀመሪያው ቀን ነበር ማድረግ የነበረብን።